ማስታወቂያ የሌለው ቤት

አምደሚካኤል ያንን ቤት ያገኘው በአፍንጫው ነው። የካቲት ነበር፤ የሜልበርን የካቲት፣ ፀሐይዋ አናት እንደ ቆሎ የምትቆላበት። ዲር ፓርክ ካለው መጋዘን የቅዳሜን ኦቨርታይም ጨርሶ፣ ሜድስቶን ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጥላ ፍለጋ ከቤቶቹ ጓሮ በኩል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ቆረጠ። መሐል ላይ ሲደርስ ሽታው ያዘው። በዘይት የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለ ቲማቲም፣ በሶብላ። እግሩ አልሄድ አለ።

ሽታ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ሽታ አይደለም። አምደሚካኤልን ከነሥራ ልብሱ አንሥቶ አዲስ አበባ፣ ፖፖላሬ፣ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ አስቀመጠው። እዚያ ማስታወቂያ የሌለው ቤት ነበር። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር፣ ውስጡ አራት ጠረጴዛ፣ ባለቤቲቱ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች አሮጊት። ስሟን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ማዳማ ነው የሚላት። ምን አለ ብሎ መጠየቅ የለም። ማዳማ ያን ቀን ያበሰለችውን ትበላለህ፤ ካልጣመህ ጥፋቱ ያንተ ነው። ቤቱን የሚያውቅ ገብቶ ይበላል፣ የማያውቅ ጎማውን አስነፍቶ ይሄዳል።

አምደሚካኤል ዓለምጸሐይን ገና ሳያጫት፣ ከወንድሟ ከሔኖክ ዓይን እየተደበቀ ይወስዳት የነበረው እዚያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱ ዕለት ስፓጌቲው ሹካዋ ላይ አልጠመጠም ብሎ ሲያስቸግራት፣ ማዳማ መጥታ ሹካውን ቀማቻትና እንጀራ አመጣችላት። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ማዳማ ቤት ፓስታ በእንጀራ ነበር የሚበሉት። ዓለምጸሐይ ትስቅ ነበር ያኔ። ሳቋ ከጎሚስታው መዶሻ በላይ ይሰማ ነበር።

እና አሁን ሜድስቶን ላይ፣ ከአንድ ቤት ጀርባ፣ የመኪና ጋራዥ በሩ እስከ ወገብ ተጠቅልሎ ከፍ ብሏል። አምደሚካኤል ጎንበስ ብሎ አየ። መኪና የለም። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ አበባ ያለበት ላስቲክ፣ ዙሪያውን ሃያ የሚሆን ሰው እየበላ ነው። ጥግ ላይ የጋዝ ምድጃ አለ፤ ምድጃው ላይ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያክል ድስት ተጥዷል፤ ከድስቱ ኋላ ጥቁር የለበሰች አሮጊት ቆማለች። ማስታወቂያ የሚባል ነገር የለም። ማስታወቂያ አለመኖሩ ነው ጥርጣሬውን ሁሉ ያጠፋለት።

ሌላ ሰው ቢሆን የሰው ቤት ነው ብሎ ያልፍ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ጥሩ ምግብ ቤት ሁሉ የሰው ቤት እንደሚመስል ያውቃል። ጥሩው ቁርጥም፣ ጥሩው ጠጅም፣ ጥሩው የጾም በያይነቱም ያለው ከአጥር ውስጥ፣ ልብስ የተሰጣበትን ገመድ ጎንበስ ብለህ ካለፍክ በኋላ ነው። አምደሚካኤልም ጎንበስ ብሎ ገባ።

ወሬው ለአፍታ ቀጥ አለ። አንድ ትከሻው ሰፊ ጎልማሳ፣ አምደሚካኤል የለበሰውን የሚያብረቀርቅ ቢጫ ሰደርያ አየና "ዲር ፓርክ?" ብሎ ጠየቀው።

"የስ፣ ዲር ፓርክ" አለ አምደሚካኤል። የመጋዘንና የፋብሪካ ሠራተኛ የሚመገብበት ቤት ነው ማለት ነው ብሎ ደስ አለው።

የጎልማሳው ፊት በራ። ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ወንበር ሳበለት፣ ለሌሎቹም በጣሊያንኛ ነገራቸው። ወንበሩ ሳይሞቅ ሰሐን መጣ። ፓስታው አለቀ ሲል ሥጋ መጣ፣ ሥጋው አለቀ ሲል ዶሮ መጣ፣ ቀዩ ወይን ሕፃን ከሚያክል ጠርሙስ እየተቀዳ ነው። በቀኙ የተቀመጡት ሽማግሌ እንግሊዝኛ የሚባል አያውቁም፤ አንድ ጉርሻ በዋጡ ቁጥር ግን ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ይተነፍሳሉ። ጣሊያን ሲበላ እንደሚተክዝ አምደሚካኤል ያን ቀን ተማረ።

ጠገበ። ጠገበና፣ ሒሳብ ለመጠየቅ፣ እንደ አገሩ ደንብ እጁን ሁለት ጊዜ አጨበጨበ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ከዚያ ትከሻ ሰፊው ጎልማሳ ማጨብጨብ ጀመረ። ሽማግሌውም ቀጠሉ፤ ሴቶቹም፤ ሁሉም ወደ ምድጃው ዞሮ ያጨበጭባል፤ አሮጊቷ በሽርጧ ፊቷን ሸፈነች። አምደሚካኤል ዕድሜ ልኩን ሒሳብ ሲጠይቅ ደንበኛው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ቤት ገጥሞት አያውቅም፤ ነገር ግን የሰው አገር ሥርዓት አይነቀፍም። አሮጊቷ ስትመጣለት ገንዘብ አወጣ። እጁን ከነገንዘቡ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው፣ ሁለት ጉንጩን ሳመችው፣ የቲማቲም ስጎ የሞላ ጠርሙስ አስታቀፈችው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አይከፍልም ማለት ነው ብሎ ተረጎመው።

ከመውጣቱ በፊት ጣቱን ሁለት አድርጎ አሳያት። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እኔና ባለቤቴ። አሮጊቷ እጁን ይዛ "ያ፣ ያ፣ ብሪንግ" አለች። ቡክ አደረገ ማለት ነው።

እንዲህ ያቻኮለው ሆዱ አይደለም። ዓለምጸሐይ ልትሄድበት ነው።

ተጋብተው አንድ ጎጆ ውስጥ የኖሩት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነው። ከዚያ ስሙ ከሚፈለጉት መሐል መሆኑን ሰማና በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ደብዳቤ አልጻፈም፤ የከዳ ሰው ደብዳቤ የተቀባዩን ቤት ያስፈትሻል፣ ቀበሌ ያስጠራል። ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ያኔ ሜልበርን ከገባ ቆይቷል፣ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈ። አገር ቤት እልል ተባለ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ጉዳዩ ሁለት ዓመት ፈጀና ባለፈው ክረምት ዓለምጸሐይ መጣች። በዚያን ዘመን ሜልበርን ውስጥ ሐበሻ ሐበሻን መንገድ ላይ ካየ ከትራም ዘሎ የሚወርድበት ጊዜ ነበር፤ አምደሚካኤል ኤርፖርት የሄደው የሰፈሩን ሐበሻ በሙሉ አስከትሎ ነው። እሷ ግን ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳመችው፤ እንደ እንግዳ።

እንግዳ እንደሆነች ቀረች። ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ ትተኛለች። ምግብ ትሠራለች፣ ሸሚዙን ትተኩሳለች፣ ውሃ ሲያቀብላት "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች። ትዳር ውስጥ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሲበዛ ደግ አይደለም። አምደሚካኤል መጀመሪያ ድካም ነው አለ፣ ቀጥሎ ብርዱ ነው አለ፣ ከዚያ የሚለው አለቀበት። እሷ ናት ወንበር ስባ የተቀመጠችው፤ ወንድሟ ሔኖክም ሜልበርን ከገባ ሰንብቷል።

"ሔኖክ ሜልተን ቤት ገዝቷል፤ ትርፍ ክፍል አለው። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ መጥቶ ይወስደኛል። አትቀየመኝ። አልቻልኩም።"

"ምን በደልኩሽ?"

"ምንም" አለችው።

በደል ቢኖር ይካሳል፣ ሽማግሌ ይላካል፣ እግር ይወደቃል። ለ“ምንም” ግን ካሳ የለም። እንግዲህ ያንን በሰማ በነጋታው ነው ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ ሽታው ያስቆመው። የእግዜር ሥራ ነው አለ። ቤት ገብቶ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ከመሄድሽ በፊት ምሳ ልጋብዝሽ" አላት። "የማዳማን ቤት የመሰለ አግኝቻለሁ። ለቅዳሜ ለሁለት ሰው ቡክ አድርጌያለሁ።"

ዓለምጸሐይ የማዳማን ስም ስትሰማ ቀና አለች። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። "እሺ" አለች።

ሳምንቱን ሙሉ ፎርክሊፍቱ ላይ ተቀምጦ የሚናገረውን ለካርቶኖቹ ሲለማመድ ከረመ። የሥራ ባልደረባው ደበላ ያንን ቤት የት ነው የት ነው እያለ ቢወተውተው አልነገረውም። "ሐበሻ ከሰማ በነጋታው ወረፋ ነው" አለው። በልቡ የያዘው ግን ሌላ ነው። ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው እንዲያ ያለ ቤት ነው፤ እንዲያ ያለ ቤት ውስጥ አንዴ ካስገባት፣ ሽታው ካገኛት፣ የድሮዋ ዓለም ትነሣለች። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ድስትም ያመልካል።

ቅዳሜ ደረሰ። እሱ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ፣ እሷ ሰማያዊ ቀሚስ። ሻንጣዋ ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ሁለቱም እንዳላየው ሰው አለፉት።

"በጓሮ ነው እንዴ የሚገባው?" አለች ቀጭኗ መንገድ ላይ ሲደርሱ።

"በጓሮ የሚገባው እኮ ነው የሚጥመው።"

የጋራዡ በር እንዳለፈው እስከ ወገብ ተከፍቷል። ውስጡ ግን ሰው የለም። ረጅሙ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ ሦስት ሰሐን ተቀምጧል። "ለእኛ ብላ ቤቱን ዘግታዋለች" አላት በኩራት፣ በሹክሹክታ። አሮጊቷ ከምድጃው ኋላ ወጥታ እሱን ሳመችው፤ ዓለምጸሐይን ግን ትከሻዋን ይዛ ትንሽ ስታያት ቆየችና ነው የሳመቻት። ደረቷን መታ አድርጋ "ኮንቼታ" አለች። ዓለምጸሐይም ስሟን ነገረቻት።

ተቀመጡ። ዓለምጸሐይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይኗን በጋራዡ ውስጥ አዞረች። ሣጥን ሙሉ ቲማቲም። ግድግዳው ሥር የተደረደረ የስጎ ጠርሙስ። የሕፃን ብስክሌት። በውስጥ በር በኩል የሚታይ ጓሮ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ። ከፍ ብሎ ደግሞ መደርደሪያ ላይ የአንድ ባለ ጢም ሰው ፎቶ፣ ፊት ለፊቱ በቀይ ብርጭቆ ውስጥ የሚነድ ሻማ።

"አምደሚካኤል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ "ይቺ ሴትዮ ሐዘንተኛ ናት።"

"አስተናጋጅ ናት እንጂ! ጥቁሩ ዩኒፎርም ነው።"

"እስከ ካልሲዋ?"

አምደሚካኤል ካልሲውን አላየም ነበር። አየው።

"ደግሞም ይሄ ምግብ ቤት አይደለም። የሰው ቤት ነው ያስገባኸኝ።"

"እንዲህ ያለ ቤት ነው የምልሽ እኮ! ማዳማስ ቤት ልብስ ይሰጣ አልነበር?"

ኮንቼታ ፓስታውን አመጣች፤ ቀድታላቸው ለራሷም ቀድታ ከነሱ ጋር ተቀመጠች። ባለቤት ከደንበኛ ጋር ሲቀመጥ ክብር ነው ብሎ አምደሚካኤል ልቡን አጽናና። ሲለማመደው የከረመውን ንግግር ጀመረ። "ዓለም፣ ታስታውሻለሽ፣ ያኔ ማዳማ ቤት..." ከማለቱ ያ ትከሻ ሰፊ ጎልማሳ በውስጥ በር ገባ። ቶኒ ይባላል፤ የአሮጊቷ ልጅ ነው። አምደሚካኤልን አቀፈው፣ ዓለምጸሐይን እጇን ጨበጣት፣ ወንበር አዙሮ ተቀመጠና በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። እየተናገረ ወደ ፎቶው ያሳያል። ሲጨርስ ጥያቄ ጠይቆ የአምደሚካኤልን አፍ ያይ ጀመር።

አምደሚካኤል ክራባቱን አላላ።

"ምን አለህ?" አለች ዓለምጸሐይ።

"ምንም።"

"ላብ በላብ ሆነህ ምንም አትበለኝ። ምን አለህ?"

ለገዛ ሚስቱ የገዛ ውርደቱን ማስተርጎም ግድ ሆነበት። "ፎቶው የአባቱ ነው። ካርሜሎ ይባላሉ። ዲር ፓርክ ሲሠሩ ኖረው ነው የሞቱት። ያለፈው ቅዳሜ ሙት ዓመታቸው ነበር። ከሥራ ቦታቸው የመጣው ሰው አንተ ብቻ ነህ፣ እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ያንተን ነገር ስታወራ ከረመች፣ ነው የሚለኝ። ከአባቴ ጋር ስንት ዓመት አብራችሁ ሠራችሁ እያለኝ ነው።"

ዓለምጸሐይ አየችው። ሰሐኑን አየች። የሰማችውን ለማመን ጊዜ ወሰደባት።

"አምዴ" አለች። "ተዝካር በልተህ ነው ሒሳብ የጠየቅከው?"

ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በእጇ ያዘችው፤ አልያዝ አለ። ከዚያ ፈነዳች። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ ቦርሳዋ ከጭኗ ወድቆ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስምንት ዓመት ሙሉ ያልሰማው ሳቅ ጋራዡን ሞላው። አምደሚካኤል መሬት ተከፍታ ብትውጠው እየተመኘ፣ እዚያው ደግሞ ሳቋ እንዳያቆም እየተመኘ ተቀመጠ።

ቶኒ ግራ ገብቶት ያያታል፤ ኮንቼታም ሹካዋን አስቀምጣለች። አምስት ዓመት አብረን ሠራን ማለት ይችል ነበር፤ ማንም አይመረምረውም። ነገር ግን ሰውዬው ከነጢማቸው ከመደርደሪያው ላይ እያዩት ነው። "አባትህን አላውቃቸውም" አለ። "በመንገድ ሳልፍ ምግብ ቤት መስሎኝ ነው የገባሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

ቶኒ ለእናቱ ተረጎመላት። አሮጊቷ ሳትስቅ ሳትቆጣ መለሰች፤ ቶኒም ፈገግ ብሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። "ስለሱ ግድ የለኝም ትላለች። አጨብጭቦልኛል እኮ ትላለች። አባቴ አርባ ዓመት የእጇን ሲበላ አንድ ቀን አላጨበጨበላትም።"

አምደሚካኤል እውነት ከጀመሩ አይቀር ብሎ የጭብጨባውንም ነገር ሊናዘዝ አፉን ከፈተ። ከጠረጴዛው ሥር የዓለምጸሐይ ጫማ እግሩን ረገጠው። ቋንቋው ባይገባትም ሰውዬውን ታውቀዋለች።

"ለሒሳብ ነው ያጨበጨብኩት ልትል ነው አይደል?"

"እና ልዋሽ?"

"ዝም በል። እሷን ተውላት።"

ዝም አለ። ዓለምጸሐይ ተነሣች፤ እሱንም በክንዱ አስነሣችው፤ ወደ ፎቶው ዞረው ቆሙ። "በል፣ የበላህበትን አውጣ" አለችው። ሁለቱም አንድ ላይ "ነፍስ ይማር" አሉ። ኮንቼታ ቃሉን ባታውቀውም ጉዳዩን አወቀችው፤ በመስቀል ምልክት አማተበች። ቶኒ የሣጥኑን ቲማቲም ሊያጥብ ይዞ ወጣ፤ አሮጊቷም ምድጃዋ ጋር ተመለሰች። አምደሚካኤል ተቀመጠ። ዓለምጸሐይ ግን ሻማውን እያየች እንደ ቆመች ቀረች፤ የሳቁ እንባ ሳይደርቅ ሌላ እንባ ተከተለው።

"እኔም ደግሼ አውቃለሁ" አለች።

"ምን?"

"ተዝካር። ያንተን።"

አምደሚካኤል ቀልድ መስሎት ቀና አለ። ፊቷ ላይ ቀልድ የለም።

"አብሮህ የወጣው ኪዳነማርያም ነው መልእክት የላከው። ጠረፉ ላይ በወባ ሞተ ብሎ። መርዶ ነጋሪዎቹ ሌሊት አይደለም የመጡት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልብስ እያጠብኩ።"

እውነት ነው፤ ኪዳነማርያም እያቃዠው አንድ መንደር ውስጥ ጥሎት ሄዷል። እንደሚሞት እርግጠኛ ነበር፤ አምደሚካኤል ራሱም እንደዚያው። ሞተ ተብሎ መወራቱን በደብዳቤ እየቀለዱ ጽፈውለታል። ስለ ተዝካር ግን የጻፈለት የለም። ማን ይጽፋል? ሰው ከሞት ተነሥቶ ሲመጣ የቀብሩን ወሬ አይነግሩትም።

"ሞተ የተባለ ዕድሜው ይረዝማል ይላሉ" አለ።

"ላንተ ረዘመልህ። እኔ ካንተ ጋር የኖርኩት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው፤ ከሞትህ ጋር ስድስት ዓመት። ከሞትህ ጋር ነው በደንብ የምንተዋወቀው።" ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች። "ጥቁሬን በግድ ነው ያስወለቁኝ። አውልቄ፣ ለምጄ፣ ሥራዬን ይዤ ስኖር ደብዳቤ መጣ። ሁሉም እልል አለ። እግዚአብሔር ከመቃብር አወጣልሽ ብለው አውሮፕላን ላይ ጫኑኝ። አንድ ሰው እንኳ አንቺስ ምን ትያለሽ አላለኝም። እዚህ ስመጣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ሺፍትና ኦቨርታይም የሚያወራ፣ ቁርሱን ቆሞ የሚበላ ሰውዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔ የቀበርኩት ልጅ ነው፣ አምዴ። እሱን አልቅሼ ጨርሻለሁ። አንተን ምን ላድርግህ?"

አምደሚካኤል ለካርቶኖቹ ሲለማመደው የከረመው ንግግር አሁንም አፉ ውስጥ ነበር፤ ስለ ድሮ፣ ስለ ማዳማ፣ ስለ ፍቅራቸው። አንዱም ቃል ለዚህ አይሆንም። የድሮዋን ዓለም ሊያስነሣ መጥቶ፣ ለካ ያልተነሣው እሱ ራሱ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ተቀየመችኝ እያለ የተብሰለሰለባት ሴት፣ ለካ እሱኑ ስታዝን ነበር። ደረቱ ውስጥ የታመመው ነገር እዝነት ይሁን ፍቅር መለየት አቃተው፤ ምናልባት አንድ ናቸው።

"ንገሪኝ" አለ። "ማን ማን መጣ?"

"ምኑን?"

"ተዝካሬ ላይ።"

አየችው፤ ከልቡ መሆኑን እስክታምን። ከዚያ ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ በኋላ እየፈጠነች። የበግ ነገር እንዴት እንዳስቸገረ፣ ጎረቤት የነበሩት የሻምበሉ ሚስት ሳይጠሩ መጥተው ሦስት ቀን ሽንኩርት እንደላጡ፣ አንድም ቀን ሰላም ብሎት የማያውቀው አለቃው እንዴት አድርጎ ሁሉን ሰው አስንቆ እንዳለቀሰ። አምደሚካኤል "አስመሳይ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። ማዳማም መጥታለች። አንድ ድስት ፓስታ ተሸክማ፤ ሴቶቹ ከምን ጋር እንደሚያቀርቡት ጨንቋቸው ከወጡ ጎን አስቀመጡት፤ አንዱ ቄስ ይሄ ምን የሚሉት ነው ብለው ጠይቀው ሁለቴ አስጨመሩ። ዓለምጸሐይ ይህን ስትናገር እየሳቀች ታለቅሳለች፤ ኮንቼታ ከምድጃው ጋር ሆና ታያታለች፤ አንዴ ብቻ መጥታ ንጹሕ ፎጣ አጠገቧ አስቀምጣ ተመለሰች።

"አንቺስ?" አለ አምደሚካኤል። "አለቀስሽ?"

"እኔ መች ጊዜ ነበረኝ? ወጥ እያማሰልኩ፣ ሰው እያስተናገድኩ። ከሰዓት በኋላ ጠላው አለቀ። እናትህ አንድም ሰው ለልጄ ሳይጠጣለት አይሄድም አሉ። ጎረቤት ሄጄ እንስራ ሙሉ ተዋስኩ። ተሸክሜ አቀበቱን ስወጣ ወገቤ ሊቆረጥ ሆነ፤ መሐል ላይ ቆሜ፣ ከነጥቁሬ፣ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ?" ፎጣውን አነሣች። "ይሄ ሰውዬ የት ሄዶ ነው፣ ምናለ መጥቶ ቢያግዘኝ፣ አልኩ። ላንተው ተዝካር።"

አምደሚካኤል እጁን ዘረጋ። ከመጣች ጀምሮ ነክቷት አያውቅም። እጇን አልሸሸችም። እጁን ግልብጥ አድርጋ መዳፉን አየችው፤ የመጋዘን ሥራ ያሻከረው መዳፍ ነው፣ እሷ የምታውቀው መዳፍ አይደለም። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"መጣሁ እኮ" አላት።

"ዘግይተህ" አለች።

መዳፉን ግን አልለቀቀችም። ጥላው በጋራዡ በር ሥር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር ነክቷል። አምደሚካኤል ሰዓቱን ማየት ፈርቶ ቆይቶ ነበር፤ አየው። አሥር ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ለራሱ ቢሆን አይናገርም ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ ውሸት የማይሆንለት ቀን ነው።

"ሔኖክ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ይሆናል" አለ ቀስ ብሎ።

"ይጠብቅ" አለች ዓለምጸሐይ፤ ወንበሯንም ወደሱ አስጠጋች። "ገና ድንኳንህ አልፈረሰም።"